አርባ ስምንት የሌለው መጽሐፍ

አባትየው መጽሐፋቸውን የጻፉት በአንድ ጣት ነው። የቀሩት ጣቶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን መፍቻ ሲጨብጡና ግሪስ ሲጠጡ ኖረው ደርቀዋል፤ የኮምፒውተር ፊደል ላይ ሲያርፉ ሦስቱን ባንዴ ይደፈጥጣሉ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ግን ታዛዥ ነበረች። የውሃ ሥራ ቢሮ አርጅቷል ብሎ በጣለው ኮምፒውተር ላይ ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ ስለ ፓምፕ ብልሽትና ጥገና አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈች። አንድ ገጽ፣ አንድ ብልሽት። ከላይ ርእስ፣ ቀጥሎ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሔው፣ ከታች ቁጥር።

ልጃቸው ያንን ፋይል የከፈተው ከባሕር ማዶ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ገና ተማሪ ቤት ሳለ፣ በፍቅር ነበር፤ አሁን ትምህርቱን ጨርሶ ይምጣ አቋርጦ ይምጣ ማንም በግልጽ ስላልጠየቀው፣ ስሙ ፍቅር ይሁን ሽሙጥ እሱም አያውቅም። የመጣው ለእናቱ ነበር። ሲደርስ እናቱ ተቀብራለች። ቤቱ ውስጥ የተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች እንኳ ተመልሰው ሄደዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ ጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆኗል፤ ቢነክሰው ያውቀዋል፣ አያመውም።

ከፋይሉ አናት ላይ አንዲት ባዶ መስመር አየና አጠፋት። እጁ እንዲያው ልማድ ሆኖበት ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን የገጽ ቁጥሮቹ ሁሉ ከቦታቸው ተነቃንቀዋል። የሁለተኛው ገጽ ርእስ ወደ መጀመሪያው ገጽ ግርጌ ተስቦ ከቁጥሩ ሥር ተለጥፏል። የሦስተኛው ወደ ሁለተኛው፣ የአራተኛው ወደ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው።

«እቴቴ!» አለ ወደ ጓዳ። «አባዬ የገጽ ቁጥሮቹን በእጁ ነው እንዴ የጻፋቸው?»

«በእግሩ እንዲጽፋቸው ፈልገህ ነበር?» አለች እህቱ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ ብላ።

ታላቁ ናት። እናታቸውን ያስታመመችው፣ የቀበረችው፣ አሁን አባታቸውን የያዘችው እሷ ናት። ይህንንም አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። ብታነሳበት ይሻለው ነበር።

ስክሪኑን አሳያት። አባታቸው አንድ ገጽ በጨረሱ ቁጥር ጠቋሚዋ ግርጌ እስክትደርስ ድረስ ኢንተርን እየደጋገሙ ይጫናሉ፤ እዚያ ስትደርስ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ኢንተር፣ አዲስ ገጽ። እንደ ጡብ ግንብ ነው፤ ከሥሩ አንዷን ከመዘዝካት ያለው ሁሉ ይናዳል።

«እና ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል። ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል።»

«አደራህን።» ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። አባታቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ግቢው ውስጥ ያለውን የውሃ ታንከር ያያሉ። «ቢሮው አሳትሞ ለየጣቢያው ሊሰጠው ነው፣ ማተሚያ ቤቱም ቅዳሜ ፋይሉን ይፈልጋል። እሱ አያሳስበኝም። እኔን የሚያሳስበኝ አባዬ ነው። የሰው ስም ጠፍቶበታል። ጎረቤቱን ‹ማነህ› ይለዋል። ትናንት እኔን ነርስ ናት ብሎ አመስግኖኛል። ይሄን መጽሐፍ ግን ያውቀዋል። ታትሞ እጁ ላይ ሲገባ የእኔ ነው እንዲል ነው የምፈልገው። አንዴ። ከዚያ በኋላ ቢረሳውም ይርሳው።»

«እሺ» አለ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ሥራው አልከበደውም። ባዶዎቹን መስመሮች ጠራረገ፣ የተጻፉትን ቁጥሮች አጠፋ፣ በግርጌው ማሽኑ የሚቆጥረውን ቁጥር መሐል ለመሐል አስቀመጠ። የሽፋን ገጽ አበጀ። ማውጫ ሠራ። ፊደሉን አሳነሰው፤ አጫጭሮቹን ብልሽቶች ሁለት ሁለቱን በአንድ ገጽ አዳበላቸው። መጽሐፉ ቀጠን፣ ጸዳ፣ የመጽሐፍ ወግ ያዘ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቶኮፒ ቤት አሳተመውና በሽቦ አስጠርዞ ይዞት መጣ። እርካታ በተለምዶ የሚቀመጥበትን ቦታ ደረቱ ውስጥ ያውቀዋል፤ ቦታው ባዶ ነበር፣ ግን ቦታውን አየው።

አባትየው መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረጉ፤ ግሪስ ያለበት መስሏቸው ነው። ማውጫውን አላዩትም። በአውራ ጣታቸው እንደ ካርታ እየበተኑ ቀጥ ብለው ሰባ አንድ ላይ አቆሙ። አነበቡ። ወደ ኋላ አንድ ገጽ መለሱ፣ አነበቡ። ወደ ፊት ገለጡ። ከዚያ ዘጉትና በጥንቃቄ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

«የማን ነው?»

«ያንተ ነው አባዬ።»

«አይ፣ የእኔስ አይደለም።» ፊታቸው ላይ ቅሬታ የለም፤ እንግዳ ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ሰው ፊት ነው። «ሰውየው ጎበዝ ይመስላል። በርታ በለው። ግን የእኔ አይደለም።»

እህቱ ጓዳ ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ተከትሏት ሲገባ ጀርባዋን ሰጥታው ብርጭቆ ታጥባለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችው ሳትዞር። «ያቺን ነው የሆንከው። ቁጥሩን አስተካክል አልኩህ እንጂ መጽሐፉን ሞሽርልኝ አልኩህ?»

«ምኑ ጋ እንደተበላሸ አልገባኝም እቴቴ።»

«እኔም አልገባኝም፤ የገባኝ መበላሸቱ ነው።»

የገባቸው በማግስቱ፣ መፍቻ ሲመጣ ነው። መፍቻ የአባታቸው የድሮ ረዳት ነበር፤ ዛሬ የራሱ ጸጉር ሸብቷል፣ የታችኛው ጣቢያ ኃላፊ ሆኗል፣ የኋላ ኪሱ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ መፍቻ አለ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ አውጥቶ ጭኑ ላይ ያደርገዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። ሻዩን ገና አንዴ ፉት እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

«አቤት። ... ሠላሳ ሁለት ነው? እርግጠኛ ነህ? ... እንግዲያው አጥፋው። አጥፋው እኮ ነው የምልህ! ሠላሳ ሁለትን ጨርስና ካልቆመ ሃምሳ አምስት ነው ማለት ነው። ... ምን? እናትህም ሃምሳ አምስት!» ዘጋና «ይቅርታ ጋሼ» አለ ወደ አባትየው። «የዛሬ ልጆች ጆሮ የላቸውም።»

«ሠላሳ ሁለት ከሆነ ጎማው ተበልቷል» አሉ አባትየው ከመስኮቱ ዘወር ሳይሉ።

ሊቁ ሻዩን አስቀመጠ። «ጋሽ መፍቻ፣ ሠላሳ ሁለት ምንድነው?»

«ገጽ ነዋ! የአባትህ መጽሐፍ ገጽ ሠላሳ ሁለት። ፎቶኮፒው በየጣቢያው አለ፣ አታውቅም? ገና ሳያልቅ ነው የወሰድነው፤ የኔማ በዘይት ርሶ ርሶ ብርሃን ያሳልፋል።» ሳቀ። «ድሮ ስልክ ደውለን ‹ዘንጉ ጋ ያለው ጎማ ተበልቶ ውሃ በጎን ይተፋል፣ ሞተሩም ይሞቃል› ብለን እስክንጨርስ ሞተሩ ይቃጠል ነበር። አሁን ሠላሳ ሁለት ካልን አለቀ። ሰባ አንድ ካልን ኩሽኔታ ጮኋል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያጠናው ቁጥሩን ነው።»

ሊቁ የጸዳውን መጽሐፍ አንስቶ ሰባ አንድን ገለጠ። የተቃጠለ ፊውዝ። ኩሽኔታው አርባ ሦስት ላይ ወርዷል። ለመፍቻ ዘረጋለት።

መፍቻ አገላብጦ አየውና በትህትና መለሰለት። «ጥሩ ወረቀት ነው» አለ።

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወንድሟን አየችው። 

«ሁሉንም እመልሰዋለሁ» አለ ሊቁ። ከዚያ አሮጌውን ፋይል ሲያይ የከነከነው ነገር ትዝ አለው። «አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። ከአርባ ሰባት ቀጥሎ አርባ ዘጠኝ ነው። አርባ ስምንት የት ሄደ? የጠፋ ገጽ ካለ ፎቶኮፒው ላይ ይኖራል።»

መፍቻ አባትየውን በጎን አየና ወንበሩን አስጠጋ። «አልጠፋም። መጀመሪያውኑ የለም። ጋሼ ሲጽፉ ቆጠራ ሳቱና ዘለሉት። ወጣቶቹ አይተው ‹ጋሼ አርባ ስምንት የለም እኮ› ቢሏቸው፣ ስህተት ሠራሁ ማለት ሞታቸው ነው፣ ታውቃቸዋለህ፣ ‹አርባ ስምንት እኔም የማላውቀው ብልሽት ነው› አሉ። በቃ ቀረ። ሞተሩ ደህና፣ መብራቱ ደህና፣ ቧንቧው ደህና፣ ውሃው ግን እምቢ ካለ፣ አርባ ስምንት ነው እንላለን። አንድ ጊዜማ አንዱ ልጅ ለምን ቀረህ ሲባል ‹ሚስቴ አርባ ስምንት ሆናብኝ› ብሎ ፈቃድ ጠየቀ።» ሊስቅ ጀመረና አቆመው። «ኋላም እናታችሁ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ...»

«ተወው» አለች እህቱ።

«ይወቀው እንጂ። ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበን ነበር፣ ሁሉም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። ሐኪሞቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ የሚሉት የለም። ጋሼ ከክፍሉ ወጡና አዩን። ‹አርባ ስምንት› አሉ። ይቺን ብቻ። ሁላችንም ቆባችንን አወለቅን።»

ሊቁ ሰማው። አባቱን፣ ኮሪደሩን፣ የቆቦቹን ጠርዝ ሁሉ አየ። ያን ቀን እሱ ምን ሲያደርግ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ፤ ምናልባት ባቡር እየጠበቀ። ድዱን በምላሱ እንደሚነካ ሰው ሕመሙ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ ነካው። የለም።

«እንግዲያው አርባ ስምንት እንደሌለ ይቆያል» አለ።

አሮጌውን ፋይል እንደ አዲስ ከፈተ። በዚህ ጊዜ ምንም አላሳመረም። ፊደሉ የነበረው ፊደል፣ ስፋቱ የነበረው ስፋት። በየገጹ መጨረሻ የኢንተሮቹን ክምር አንስቶ በምትኩ አንድ የገጽ መቁረጫ አስገባ፤ አንዱ ገጽ ቢነካ ሌላው እንዳይሰማ። ማሽኑ አንድ ብሎ እንዲጀምር አደረገና ወደ ታች ወረደ። ሠላሳ ሁለት፣ ጎማ። አርባ ሰባት፣ የተደፈነ ማጣሪያ። እዚያ ላይ ሰነዱን ለሁለት ክፍል ከፈለው። ማሽን ከአርባ ሰባት ቀጥሎ በራሱ የሚያውቀው አርባ ስምንትን ነው፤ አዲሱን ክፍል ካለፈው ተከትለህ አትቁጠር፣ ከአርባ ዘጠኝ ጀምር ማለት ያስፈልጋል። አለው። ማሽኑ አልተከራከረም፣ ለምንም አላለም። ሰባ አንድ ሲደርስ ኩሽኔታው እየጮኸ ጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ላይ እህቱ ፎቶ ይዛ መጣች። እናታቸው ናት፤ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ዐይኗን አጥብቦት፣ ካሜራውን ሳይሆን ፎቶ አንሺውን የምትቆጣ ትመስላለች።

«ባዶ ቦታ አለ አይደል? አርባ ስምንት ላይ አስገባልኝ።»

«እቴቴ...»

«ሲጽፍ ሻይ የምታቀርብለት ማን ነበረች? የተጻፈውን ጮክ ብላ የምታነብለት ማን ነበረች? ስለ ፓምፕ አንድም ነገር ሳይገባት! አንድ ገጽ አይገባትም?»

እምቢ ለማለት የሚሆን ጉልበት ከውስጡ አላገኘም። እሺ ለማለትም አልነበረም፤ እጁ ግን ሠራ። የከፈለውን መልሶ አያያዘ። ፎቶዋ ገባ፤ ከሥሩ ማሽኑ በራሱ አርባ ስምንት ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ ሳይቋረጥ ከአንድ እስከ መጨረሻው ሄደ።

መፍቻ ሲያይ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ አይከፋሽና፣ ሠራተኛው ብልሽቱ ጠፍቶት አርባ ስምንትን ሲገልጥ እሳቸውን ሊያገኝ ነው?»

«ያግኛት! ምን ትሆናለች? አትነክሰው!»

«እኔ እንጃ። እኔ ስለ ፓምፕ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ስለ ፓምፕ ተናገር!»

«አባዬ ይየው» አለ ሊቁ። ክርክሩ ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ራዲዮ ነበር የሚሰማው። «መጽሐፉ የእሱ ነው።»

እንደገና ታተመ። አባትየው መዳፋቸውን ጠረጉ። ሰባ አንድን ገለጡ፣ አነበቡ፣ «እህ» አሉ። ሠላሳ ሁለትን ገለጡ፣ «እህ» አሉ። እህቱ የሊቁን ክንድ ጨበጠች። ከዚያ አንድ በአንድ መግለጥ ጀመሩ፤ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት። የሚቀጥለውን ገለጡና ቆሙ።

ብዙ አዩዋት። ያውቋት አያውቋት ማንም መጠየቅ አልደፈረም።

«ይቺ እዚህ ምን ልትሠራ ገባች?»

«እኔ ነኝ ያስገባኋት አባዬ» አለች እህቱ። ድምጿ ቀጠነ።

«ብልሽት ናት እንዴ?»

ሊቁ ወደ እህቱ ዞረ።

«አውጧት» አሉ። ሌባ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገዋል፤ አይጫኑም፣ አሳርፈዋታል ብቻ። «አርባ ስምንት ምኑ እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ነው። እኔ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው እንደዚያ ያልኩት። እሷ አልተበላሸችም። ሞተች እኮ ነው።»

እህቱ አፏን በፎጣው ያዘች።

«ታዲያ የት ትሁን አባዬ?» አለ ሊቁ።

አባትየው ጥያቄው የጥገና ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ አሰቡበት። «አንድን ስጀምር እዚያች በር ላይ ቆማ ትስቅብኝ ነበር። ከአንድ በፊት ነበረች ማለት ነው። ከአንድ በፊት አድርጋት።»

«ቁጥር ይኑራት? ከአንድ በፊት ያሉትን በሌላ ዓይነት ቁጥር መቁጠር ይቻላል።»

«ማን ሊፈልጋት ነው በቁጥር?»

ሊቁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እህቱ ወደ ግቢ ወጣች፤ ወዲያው የቧንቧው ውሃ በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ ተሰማ፤ የሚታጠብ ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እሱ ፎቶውን ከአርባ ስምንት አነሳ። ያያያዘውን እንደገና ከፈለ፤ አርባ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ። ወደ አናቱ ወጥቶ ሽፋን ጨመረ፤ ሽፋኑንና እሷን ለብቻ ክፍል አደረጋቸው፤ የዚያን ክፍል ግርጌ ከሌላው አላቅቆ ባዶ ተወው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ገጽ አንድ አሁንም አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ነበር። የውሃውን ድምፅ እየሰማ አሁን ምናልባት አንድ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ ጥቂት ጠበቀ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምንም አልመጣም። ፋይሉን አስቀመጠና ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ ተሻገረ።

ሲመለስ እህቱ ፊቷን ታጥባ በሩ ላይ ቆማለች። አባትየው መጽሐፉን ተቀብለው ሽፋኑን ገለጡ፤ ከአንድ በፊት ያለውን ገጽ አዩ፤ በመዳፋቸው ጠርዙን አለሳለሱትና አለፉ። አርባ ሰባትን አልፈው አርባ ዘጠኝ ሲገቡ አልቆሙም። ወደ አሥራ ዘጠኝ ተመልሰው ማንበብ ጀመሩ። ሌባ ጣታቸው ከመስመር መስመር ትወርዳለች። መሐል ላይ ቆመች። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

መፍቻ ሻዩን እንደያዘ ቀረ። እህቱ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«አንተ ነህ አባዬ» አለ ሊቁ።

«እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ!» ጮሁ፤ ያንን ጩኸት ቤቱ ከሰማው ቆይቷል። «ሌላ ማን ሊጽፈው ነው? ክዳኑን ፍታ ብዬ ቫልቩን ዝጋ ሳልል አለፍኩ። ሰው እኮ ነው የሚያነበው! ክዳኑ ፊቱ ላይ ይፈነጠርበታል! ይሄን ያህል ዓመት ሲያነቡ አንዱ እንኳ አይነግረኝም?»

«እኛማ ቫልቩን ሁልጊዜ እንዘጋለን ጋሼ» አለ መፍቻ።

«አንተ ትዘጋለህ። ነገ የሚቀጠረውስ? ና አንተ ልጅ፣ ጻፍ።»

ሊቁ ፋይሉን ከፈተ፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ወረደ። አባትየው ከኋላው መጥተው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ፤ ትንፋሻቸው አናቱ ላይ ያርፋል።

«ክዳኑን ከመፍታትህ በፊት» አሉ፣ እየጠበቁት፣ «ቫልቩን ዝጋ። መዘጋቱን በእጅህ አረጋግጥ።»

ጻፈው። ገጹ ተገፍቶ የመጨረሻዋ መስመር ወደ ሃያ እንዳታልፍ ግርጌውን አየ። ገና ትንሽ ቦታ ነበር።

«አንብብልኝ» አሉ አባትየው።

አነበበላቸው።